በዝምታ የተቀመጥኩበት ፈተና

የፈተናውን ደንብ መጀመሪያ ያየሁት ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፎ ነው። ልጄ ማታ ከሥራ ስትመለስ ለጥፋው ተኝታለች። ጠዋት ለልጅ ልጄ ቁርስ ላዘጋጅ ስነሳ መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። ተፈታኟ በቀለም ብዕር ትጽፋለች። ፀጉሯን ወደ ኋላ ታስራለች። ከመቀመጧ በፊት ሁለቱንም እጆቿን ለፈታኟ ታሳያለች። የሒሳብ ማሽን፣ የእጅ ሰዓት፣ የራሷ ወረቀት ይዛ አትገባም። ጽሑፉ በአሮጌ የጽሕፈት መኪና ተመትቶ በፎቶ ኮፒ የተባዛ ነበር። የዚህ ዘመን ነገር አልመሰለኝም፤ አልነበረምም።

ዴንቨር ውስጥ ቀይ ጡብ የሆነ፣ የቆየ የሴቶች ትምህርት ቤት አለ። ክፍያው እንደኛ ላለ ቤት የሚታሰብ አይደለም። ከመቶ ዓመት ግድም በፊት አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት፣ በየዓመቱ አንዲት አቅም የሌላት ልጅ ተፈትና በነጻ እንድትማር ሀብቷን ተናዘዘች። የፈተናውን ደንብ ራሷ ጻፈችው፤ አንድም ቃል እንዳይነካ ብላም አሰረችው። ትምህርት ቤቱ አልነካውም። ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት አልፎ፣ ልጆች ስልክ በኪሳቸው ይዘው በሚዞሩበት ጊዜ፣ ያ ፈተና እንደ ጥንቱ በቀለምና በእጅ ደወል ይሰጥ ነበር።

ልጅ ልጄ ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ደንቡ ከአሥራ አራት ያለፈች አትፈተንም ስለሚል ዕድሏ ያ አንድ ቅዳሜ ብቻ ነበር። ትምህርት ቤቱን አንድ ቀን ከክፍሏ ልጆች ጋር አስጎብኝተዋቸው ከተመለሰች በኋላ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ላቦራቶሪው ውስጥ ለእያንዳንዷ ልጅ አንድ ማይክሮስኮፕ አለ አለችን። በሷ ትምህርት ቤት አንዱን ለስድስት እየተጋፉ ነበር የሚያዩት፤ እሷ ደግሞ የምትጋፋ ልጅ አይደለችም፤ ተራዋ ሳይደርስ ደወል ይደወላል። ይህን ስትናገር አላማረረችም። እናቷ ግን ሰምታ በማግስቱ ስማችንን አስመዘገበች።

ስማችንን ያልኩት እኔም ስላለሁበት ነው። ደንቡ እያንዳንዷ ተፈታኝ ከቤቷ አንዲት ሴት አሳዳጊ ይዛ ትምጣ ይላል። አሳዳጊዋ ፈተናው እስኪያልቅ እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ ከኋላ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። አትናገርም፤ በእጅም በራስም ምልክት አትሰጥም። ከተናገረች ወይም ምልክት ከሰጠች ልጅቷ ከፈተናው ትወጣለች። ልጄ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነርስ ረዳት ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ፈረቃዋ አይቀየርም። ስለዚህ የምሄደው እኔ ሆንኩ።

ባሏ፣ ታክሲ ነው የሚነዳው፣ ይህን ሲሰማ ሳቀ። «እማማ ዝም ለማለት የሚከፈልበት ሥራ ቢኖር እኮ እስከ ዛሬ ሀብታም ነበርን» አለ።

«አንተን ደግሞ ለማውራት ቢከፍሉህ» አልኩት።

ለሁለት ወር ያህል ተዘጋጀን። የሒሳብ ማሽን ስለማይፈቀድ የማባዛት ሠንጠረዥ ከሷ ጋር እንደገና ያዝኩ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ማትሪክ የወሰድኩ ሰው ነኝ፤ ረጅም ማካፈል አልረሳሁም። እሷ በእንግሊዝኛ ታስባለች፤ እኔ በአማርኛ እጠራለሁ። «ስምንት ጊዜ ሰባት» ስላት «ፊፍቲ ሲክስ» ትላለች። እንዲህ እየተባባልን ከቤታችን እስከ ኮልፋክስ ድረስ በእግር እንሄድ ነበር። ያኔ የምንኖረው ከዴንቨር አጠገብ፣ በአሮጌው የኦሮራ ሰፈር፣ ከኮልፋክስ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ አፓርታማ ነው።

ማጥናቱ እኔን አላሳሰበኝም። ልጅቷ ጎበዝ ናት። ያሳሰበኝ ብዕሩ ነበር፤ ቀለም እያንጠባጠበ ሁለት ሸሚዝ አበላሽቶብናል። ሌላ የምፈራው ነገር ያለ አልመሰለኝም ነበር።

አሁን ስለ አስተዳደጓ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ያለዚያ የሚቀጥለው አይገባም። እናትና አባቷ ሥራ ላይ ስለሚውሉ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ያሳደግኳትም እኔ እንዳደግኩት ነው። ሰው ቤት ስትሄጂ ምግብ ሲሰጡሽ ወዲያው አትቀበዪ ብያታለሁ። መጀመሪያ ሲሉሽ አይ፣ ጠግቤአለሁ ትያለሽ። ሁለተኛ ሲሉሽ ኧረ ይቅር ትያለሽ። ሦስተኛ ላይ ትቀበያለሽ። እኛ ዘንድ ይህ እንዲያ ነው፤ ሰጪውም ያውቀዋል፣ ተቀባዩም ያውቀዋል። ሰፈራችን ያለችው ባለ ሱቅ ሳምቡሳ ስትሰጣት ሁለቱ እንደ ጨዋታ ያደርጉት ነበር። «እንቺ» «አይ» «እንቺ እንጂ» «ኧረ ይቅር» «እንግዲህ አፍሽ ውስጥ ላስገባው?» ስትላት ትስቅና ትወስዳለች።

ስድስት ዓመት ሲሞላት አንዲት አሜሪካዊት የክፍል ጓደኛዋ የልደት በዓል ጠርታት ስቴፕልተን ሄደች፤ የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ፈርሶ አዲስ ቤት የተሠራበት ሰፈር ነው። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። ኬክ ትፈልጊያለሽ ሲሏት ኖ ታንክ ዩ ብላለች፤ የልጅቷ እናት ኦኬ ብላ ሳህኑን ይዛ አለፈች። ተመልሳ አልመጣችም። «ሌላ ጊዜ አልጠየቁኝም!» እያለች አለቀሰች። ያን ቀን እናቷ ሳቀች፤ እኔም ፈገግ አልኩ። እዚህ አገር አንዴ ብቻ ነው የሚጠይቁት ብዬ ነገርኳት። የገባት መሰለኝ።

የፈተናው ቀን መጋቢት ውስጥ ነበር፤ ሌሊቱን በረዶ ጥሎ አደረ። አባቷ በታክሲው አደረሰን። «እማማ፣ ቀበቶዎን ያድርጉ» አለኝ፤ ቀጥሎ ለሷ በመስታወቱ እያየ «አንቺ ደግሞ አይዞሽ፣ ከኋላሽ ጄኔራል ተቀምጣለች» አላት።

«ዳድ፣ ፕሊስ» አለችው።

አዳራሹ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ እንጨት ነው። ስምንት ልጆች ነበሩ። ፈታኟ ግራጫ ሹራብ የለበሰች፣ ቀጭን፣ በዕድሜ ከኔ ብዙ የማታንስ ሴት ናት፤ ጠረጴዛዋ ላይ የነሐስ ደወል አለ። ልጆቹ ተራ በተራ እጃቸውን አሳዩ። እኛ አሳዳጊዎቹ ከኋላ ተደረደርን። ፈታኟ እኛን የሚመለከተውን ገጽ ጮክ ብላ አነበበችልን፤ አትናገሩ፣ ምልክት አትስጡ። ከዚያ ደወሉን አንዴ መታች።

ዝም ማለት ዕድሜዬን በሙሉ አስቸግሮኝ አያውቅም። የሒሳቡ ወረቀት አለፈ። አንድ ገጽ በቁም ጽሕፈት መገልበጥ ነበረባቸው፣ እሱም አለፈ። ልጅ ልጄ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበረች፤ ከጎን አያታለሁ። ቀለም አላንጠባጠበችም። የመጨረሻው ድርሰት ነበር፤ በቅርብ የምታውቁትን ሰው ሥራ ግለጹ የሚል። አንገቷን ደፍታ ጀመረች። ስለ አባቷ እንደምትጽፍ ገመትኩ። አንድ ገጽ ሞልታ ገለበጠች።

ሁለተኛውን ገጽ ገና እንደያዘች የእሳት ማስጠንቀቂያው ጮኸ።

የተቃጠለ ነገር አልነበረም። ከታች ኩሽና ውስጥ የሆነ ሰው ዳቦ ሲጠብስ አጭሶ ነው። ቢሆንም ሁላችንም መውጣት ነበረብን። ፈታኟ ደወሏን ይዛ ልጆቹን በአንድ ወገን፣ እኛን በሌላ ወገን በረዶው ላይ አቆመችን። ልጆቹ ካፖርታቸውን አልያዙም። የኔዋ እጇን ብብቷ ውስጥ ከታ ትንቀጠቀጣለች። መጠጋት አይፈቀድም። ጋቢዬን አውልቄ ለፈታኟ ዘረጋሁላት፤ ቃል አልተናገርኩም። እሷም ቃል ሳትናገር ወስዳ ትከሻዋ ላይ ጣለችላት። እሳት አጥፊዎች መጥተው፣ ዞረው፣ ግቡ እስኪሉን ድረስ ብዙ ቆየን።

ተመልሰን ስንቀመጥ ፈታኟ ከጠረጴዛዋ ተነስታ ወደ ልጆቹ ሄደች። በየወንበራቸው አጠገብ እየቆመች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ትጠይቃለች። አዳራሹ ጭር ስላለ ይሰማል። «የጠፋብሽ ጊዜ እንዲመለስልሽ ትፈልጊያለሽ?» ነው የምትለው። የመጀመሪያዋ ልጅ ጥያቄው ሳያልቅ «የስ፣ ፕሊስ» አለች። ሁለተኛዋም እንዲሁ። ሦስተኛዋም።

የኔዋ ጋ ደረሰች። ጠየቀቻት።

ልጅ ልጄ ቀና አለች፣ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ ራሷን ትንሽ ዝቅ አድርጋ «ኖ፣ ታንክ ዩ» አለች።

ያን እጅ ደረት ላይ ማድረግ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሰው ሲሰጥሽ እጅሽን እንዲህ አድርጊ ብያታለሁ።

ፈታኟ ራሷን ነቀነቀችና አለፈች።

ሁለተኛው ገጽ ላይ አምስት ወይም ስድስት መስመር ብቻ እንደተጻፈ ከተቀመጥኩበት ይታየኛል። ከነበረው ጊዜ የቀረው እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ የሚያስጨርስ አልነበረም። ሌሎቹ ሊጨርሱ ነው፤ የሷ ግማሽ ላይ ሊቀር ነው። ከጎኔ የተቀመጠችው አሳዳጊ፣ ሹራብ የምትሠራ ሴት ናት፣ መርፌዋን አቁማ አየችኝ። እኔ ቦርሳዬን ይዤ ነበር። እጀታውን ስጨብጠው ቆዳው ድምፅ ሰጠ፤ እሱም ምልክት እንዳይባል ፈርቼ ለቀቅኩት።

ብናገር ትወጣለች። ባልናገር ጊዜዋ ሄደ። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚበቃት፤ «ተቀበዪ» ብል በአማርኛ፣ ከኔና ከሷ በቀር የሚሰማው የለም። ነገር ግን ደንቡ በየትኛው ቋንቋ አይልም። ዝም አልኩ። ከማትሪኩ ፈተና ጀምሮ እንዲያ ያለ ላብ አላበኝም ነበር። ያኔ እንኳ ላቤ ለራሴ ነው።

ፈታኟ እስከ መጨረሻዋ ልጅ ደረሰች። አይ ያለችው ከኔዋ ሌላ አንዲት ብቻ ናት፤ እሷ ግን ጨርሳ የብዕሯን ክዳን ገጥማለች። ከዚያ ወደ ጠረጴዛዋ ትመለሳለች ብዬ ስጠብቅ፣ ፈታኟ ዞረች። እንደገና ከፊት ጀመረች። እሺ ያሉትን እያለፈች የኔዋ ጋ ቆመች።

«የጠፋብሽ ጊዜ እንዲመለስልሽ ትፈልጊያለሽ?» በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ቃል።

ልቤ መለስ አለ። አሁን እሺ በይ አልኩ በሆዴ።

«ኖ፣ ኢትስ ኦኬ» አለች ልጅ ልጄ።

ኧረ ይቅር ማለቷ ነው። በደንብ አድርጌ ነው ያሳደግኳት።

ያን ጊዜ ዓይኔን ጨፈንኩ። ለመጸለይ ብል ደስ ባለኝ፤ ግን አልጸለይኩም። ከንፈሬ ቢንቀሳቀስ ምን ሊባል ነው ብዬ ነበር የማስበው። የፈታኟ ጫማ እንጨቱ ላይ ሲሄድ ይሰማኛል፤ ክዳን የገጠመችው ልጅ ጋ ቆመ፤ ኖ የሚል ተሰማ። ጫማው እንደገና መጣ። ቆመ።

«የጠፋብሽ ጊዜ እንዲመለስልሽ ትፈልጊያለሽ?»



«የማላስቸግር ከሆነ» አለች ልጅ ልጄ በእንግሊዝኛ፤ «እሺ፣ አመሰግናለሁ።»

ዓይኔን ስገልጥ ፈታኟ ሰዓቷን አይታ፣ ወደ ጠረጴዛዋ ሄዳ፣ ደወሉን እየመታች ነው። ከጎኔ ያለችው ሴት መርፌዋን ቀጠለች። እኔ መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩ፤ ንጹሕ ነበር፣ ግን ጠረግኩት። ልጅ ልጄ ብዕሯን አነሳች። ሁለተኛውን ገጽ ጨረሰች፤ ሦስተኛ ጨመረች።

ሲያልቅና መናገር ሲፈቀድ ጋቢዬን ልትመልስልኝ ፈታኟ መጣች። እንግሊዝኛዬ ለማንበብ እንጂ ለማውራት ደህና አይደለም፤ ቢሆንም ጠየቅኳት። ለምን ሦስት ጊዜ? አልኩ።

በደንቡ ነው አለችኝ። የፈታኞች ገጽ የሚባል ሌላ አለ፤ ለቤተሰብ አይሰጥም። እዚያ ላይ ለተፈታኝ የሚሰጥ ነገር ሁሉ፣ ውሃም ቢሆን ጊዜም ቢሆን፣ ሦስት ጊዜ ይጠየቅ የሚል ተጽፏል። ደንቡን የጻፈችው ሴት በልጅነቷ ወላጆቿ ሞተው በሰው ቤት ያደገች ናት አለችኝ። «በሰው ቤት ያደገች ልጅ መጀመሪያ ሲሰጧት አይ ነው የምትለው። እሷ ይህን ታውቅ ነበር።» ከዚያ ወደ ልጅቷ አየት አድርጋ ጨመረች። «ሦስተኛው ላይ እሺ ያለች ግን በኔ ጊዜ የመጀመሪያዋ ናት።»

አመሰግናለሁ አልኳት።

በአውቶብስ ተመለስን። ኮልፋክስ ላይ የሚመላለሰው አውቶብስ ቅዳሜ ይሞላል፤ ከኋላ ሁለት ቦታ አገኘን። በረዶው መቅለጥ ጀምሯል።

«እማማ፣ ፊትሽ ምን ሆኖ ነበር?» አለችኝ።

«የቱ ፊቴ?»

«ስንወጣ አይቼሻለሁ። ላይክ... ሐኪም ቤት ውጤት የምትጠብቂ ነበር የምትመስዪው።»

«አንቺ ለምንድን ነው አይ ያልሽው?»

«አንቺ ነሻ! ሁለቴ አይ፣ ሦስተኛ ላይ እሺ።»

«ስለ ምግብ ነው እኮ የነገርኩሽ።»

«ምግብ ብቻ ነው አላልሽም።»

አላልኩም፤ ልክ ናት። «እዚህ አገር አንዴ ነው የሚጠይቁት ብዬሽ አልነበረም? ኬኩን ረሳሽው?»

«ኬኩን አልረሳሁም» አለች፤ ቆጣ ብላ። «እነዚያ ግን ያንግ ናቸው። እሷ ኦልድ ናት። ጋቢሽን ስታለብሰኝ አየኋት፣ እንዳንቺ ነው የምታለብሰው። እንደዚያ ዓይነት ሰው ተመልሶ ይጠይቃል ብዬ ነው።»

«ባትመለስስ?»

መስኮቱን አየች። «ሁለተኛውን አይ ካልኩ በኋላ ፈርቼ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ኦ ማይ ጋድ፣ በቃ ጨረስኩት አልኩ። ግን አንዴ ጀምሬዋለሁ፣ መሃል ላይ ማቆም ደግሞ ያሳፍራል።»

ያኔ ሳቅኩ። እኔ አውቶብስ ውስጥ የምስቅ ሰው አይደለሁም። እሷም ሳቀች፤ ፊት ለፊት ያሉት ሰዎች ዞረው እስኪያዩን ድረስ። ከዚያ ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን ሳምቡሳ አውጥቼ ሰጠኋት። አይ ልትል አፏን ስትከፍት «ዛሬ አንዴ ነው የምጠይቀው» አልኳት። ወሰደች።

ስልኩ የተደወለው ከፋሲካ በኋላ ነው። ልጄ አነሳች፤ እኔ ኩሽና ነበርኩ። «የስ» አለች፣ እንደገና «የስ» አለች፣ ከዚያ ድምፅ ጠፋ። ብቅ ስል ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆማለች። «እማዬ፣ አለፈች። አራቱንም ዓመት በነጻ» አለችኝ። ምስር ወጡ እንዳያር እሳቱን ልቀንስ ተመለስኩ። እዚያ ትንሽ ቆየሁ። ስወጣ እናትና ልጅ ተቃቅፈው ነበር፤ አባትየው ሥራ ላይ ሆኖ በስልክ ይጮሃል፣ «ጄኔራሏ የት አለች? ለጄኔራሏ አቅርቡልኝ!» ይላል።

ነሐሴ ውስጥ ለምዝገባ ተጠርተን እኔና እሷ ሄድን። ሙቀቱ የሚያስጨንቅ ቀን ነበር። ያቺው ፈታኝ ቢሮዋ ውስጥ ተቀበለችን፤ ልጅቷን አቀፈቻት፣ ለኔ ወንበር ሳበችልኝ። ላቦራቶሪውን በመስኮቱ አሳየችን፤ ማይክሮስኮፖቹ ሽፋናቸውን ለብሰው በየጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል። ከዚያ ቀዝቃዛ ሻይ እጠጣ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«የስ» አልኩ። «አመሰግናለሁ።»

ልጅ ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። «እማማ!» አለች በአማርኛ፣ ሴትየዋ እንዳትሰማ ዝቅ አድርጋ። «ገና አንዴ ነው እኮ የጠየቀችሽ!»

«ጠምቶኛል» አልኳት።